ግራርጌ፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ

ጋሽ አለበል ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የአውሮፕላን መንገደኛ ሲመዝኑ ኖረው፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይበሩ ሞቱ። ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ ይስቃል። አልፈርድበትም። እኔም ባሌ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥሮ ከናዝሬት ባሕር ዳር ስንመጣ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ትኬት ክፍል በገባሁበት ሰሞን እንደዚሁ ስቄባቸው ነበር። አሁን ግን ሰው ሲስቅ አብሬ አልስቅም፤ ለምን እንደማልስቅ ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ ወደ ትናንሾቹ ከተሞች የምትበረው ዳኮታ ነበረች፤ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ፣ ጭራዋን መሬት ላይ ጥላ የምትቆም አሮጌ አውሮፕላን። ክብደት ስለማትችል ዕቃው ብቻ ሳይሆን መንገደኛውም ይመዘናል። የጋሽ አለበል ሥራ ይኸው ነበር። የኮታቸው ደረት ኪስ ላይ ቀይ እርሳስ ሰክተው ከትልቁ ሚዛን አጠገብ ይቆማሉ። ነጋዴውንም፣ ወታደሩንም፣ ነፍሰ ጡሯንም፣ የአውራጃውን ጓድም እኩል ሚዛን ላይ ያወጣሉ። «ሰማንያ አራት! ጓድ፣ ጾሙ እርስዎ ቤት አልደረሰም?» ይላሉ፤ ሌላ ሰው ቢለው ማደሪያው የት ይሆን እንደነበር እናውቃለን፤ ለእሳቸው ግን ይሳቅላቸዋል።

አንድ ጨዋታም ነበራቸው። ዕቃውን ሚዛን ላይ ከማኖራቸው በፊት በእጃቸው ብድግ ያደርጉና ክብደቱን ይናገራሉ። «ሰባት ተኩል» ብለው ያኖሩታል፤ መርፌዋ ሄዳ ሰባት ተኩል ላይ ትቆማለች። ሩብ ኪሎ ሲሳሳቱ አላየሁም። መንገደኛው ያጨበጭባል፤ እሳቸው በቀይ እርሳስ ክብደቱን ዕቃው ላይ ይጽፋሉ።

ከሚዛኑ ቀጥሎ የሚወዱት ክራቸውን ነበር። በቢሮው ግድግዳ ላይ ትልቅ ካርታ ተለጥፏል። ከባለቤታቸው ከእትዬ ባንቺአየሁ እንዝርት ላይ የወሰዱትን ነጭ ፈትል ጫፉን ባሕር ዳር ላይ በእስፒል ይወጉና አውሮፕላን እስከሚያርፍበት ከተማ ወጥረው፣ የደረሰበት ላይ ይቋጥሩታል። ከቋጠሮው ኪሎ ሜትሩን፣ ከኪሎ ሜትሩ ደቂቃውን አውጥተው በሩ አጠገብ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጽፉታል። ጎንደር ይህን ያህል፣ ደብረ ማርቆስ ይህን ያህል እያለ ይወርድና በመጨረሻው መስመር ላይ «ግራርጌ፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ» ይላል።

«በመሬት የሚነገር ርቀት ሁሉ ውሸት ነው» ይሉኝ ነበር። «ተራራው ያስዋሻል፣ ወንዙ ያስዋሻል፣ ሾፌሩም የራሱን ይጨምርበታል። እውነተኛው የአየሩ ነው፤ ሰማይ ላይ ቁልቁለት የለም።»

ግራርጌ በላስታ ተራሮች መሐል ያለች ትንሽ ከተማ ነበረች፤ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ከብት እየተባረረ ዳኮታ የሚያርፍበት አንድ የሣር ሜዳ። ከባሕር ዳር በመሬት ለመሄድ በወረታ፣ በደብረ ታቦር፣ በጋይንት አድርጎ ሁለት ቀን በመኪና፣ ከዚያ ሦስት ቀን በበቅሎ ነው። ዳኮታ ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተነሥታ ጣናን ጥቂት ትታከክና ወደ ምሥራቅ ትታጠፋለች። ቀትር ላይ ተመልሳ እኛው ዘንድ ናት።

የጋሽ አለበልና የእትዬ ባንቺአየሁ ልጅ አንዲት ናት፤ ፀሐይወርቅ። በ1975 መጨረሻ የመምህርነት ሥልጠናዋን ጨርሳ የምደባ ዕጣ ስታወጣ ቡሬ ደረሳት። ቡሬ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ሌላ አባት ቢሆን ስለት ያስገባ ነበር። ጋሽ አለበል ግን ከበዳቸው። ወደ ቡሬ የሚወስድ አውሮፕላን ስለሌለ በሰሌዳቸው ላይ የለም፤ በሰሌዳቸው ላይ የሌለ ቦታ ደግሞ ለእሳቸው ከዓለም ውጭ ነው። አንዲት ጓደኛዋ በበኩሏ ግራርጌ ደርሷት ስታለቅስ ሰነበተች። ይህን ሲሰሙ ጋሽ አለበል ልጃቸውን ይዘው ተነሡ፤ ቅያሬ አስጻፉ። ጓደኛዋ ቡሬ፣ ፀሐይወርቅ ግራርጌ።

እትዬ ባንቺአየሁ ተከራክረው ነበር። «ቡሬ ብትሆን እኮ ሲጨንቀኝ ተነሥቼ በአውቶቡስ እሄዳለሁ» አሏቸው።

«አውቶቡስ! ጎማ ሲፈነዳ፣ ወንዝ ሲሞላ፣ ኬላ ላይ ስትፈተሺ ልትውይ? ቁርስሽን እዚህ በልተሽ ምሳሽን ከልጅሽ ጋራ ትበያለሽ እያልሁሽ። ሠላሳ አምስት ደቂቃ እኮ ነው! ከዓባይ ማዶ ተነሥቼ በብስክሌት ሥራ እስክገባ ከዚያ በላይ ይፈጅብኛል።»

ይህን ማግስቱን ራሳቸው በኩራት ነገሩኝ። እኔም «አበጁ ጋሼ» አልኳቸው። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ «አበጁ» ማለቴን ግን አልረሳሁም።

አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያሉት ሆነላቸው። እትዬ ባንቺአየሁ በሶ፣ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎ ያዘጋጃሉ፤ በነጭ አቡጀዴ ይሰፋል፤ ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ አለበል በብስክሌት ጭነው ያመጡታል። እንደ ማንም መንገደኛ ዕቃ በእጃቸው አንሥተው ገምተው፣ መዝነው፣ በቀይ እርሳስ ጽፈው ይልካሉ። ቀትር ላይ ዳኮታ ስትመለስ የፀሐይወርቅ ደብዳቤ በካፒቴኑ ኪስ ይመጣል። ለሠራተኛና ለቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ የምትሰጠውን ነጻ ትኬት ጋሽ አለበል በሕይወታቸው አንድም ቀን አልተጠቀሙባትም ነበር። በ1977 ግን ለፋሲካ ከባለቤታቸው ጋራ ግራርጌ ሊሄዱ ቆርጠው፣ ትኬቱን ገና በጥር አስጽፈውኝ መሳቢያዬ ውስጥ አኖርኩላቸው።

ያ ዓመት ክፉ ዓመት ነበር። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ላይ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት የቆመው የብረት ቅስት ቀለሙ ገና አልለቀቀም፤ በሥሩ የሚያልፉት ካሚዮኖች ግን እህልና ወታደር ነበር የሚጭኑት። በላስታ በኩል ረኃብ ገብቷል፣ ረኃቡን ተከትሎ ተስቦ ገብቷል፣ ጦርነቱም ነበር። በየካቲት አጋማሽ ደግሞ እትዬ ባንቺአየሁ ለዓመታት የተሸከሙትን እንቅርት ሊያስወጡ ሆስፒታል ተኙ። ጋሽ አለበል ከሥራ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ቤት በብስክሌት ይመላለሱ ነበር።

የካቲት አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ ካፒቴኑ ከዳኮታዋ ወርዶ እኔን ለብቻዬ ጠራኝ። የሰጠኝ ደብዳቤ የፀሐይወርቅ ጽሕፈት አልነበረም። ላዩ ላይ «ለአቶ አለበል የሥራ ባልደረቦች» ይላል። ከፈትኩት። «መምህርት ፀሐይወርቅ በተስቦ ታማ የካቲት አሥራ ሰባት ቀን እሑድ አርፋለች። በዕለቱ በግራርጌ ማርያም ተቀብራለች። መርዶውን እንደ ወጉ ታደርሱ ዘንድ በእግዚአብሔር ስም እለምናችኋለሁ። አምሐ፣ ርእሰ መምህር።» በዚያን ዘመን ደብዳቤ ሁሉ በመፈክር ነበር የሚያልቀው፤ አቶ አምሐ መፈክሩን ትቶታል።

ጋሽ አለበል አሥር እርምጃ ያህል ርቀው የዕቃ ጋሪያቸውን እየገፉ ይመጡ ነበር። «ምን አለሽ ካፒቴኑ? የልጄ ደብዳቤ ነው?» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ ዛሬ አልጻፈችም። ፈተና ላይ ናት አሉ» አልኳቸው። እንዲህ ያለ ውሸት እንደምችል እስከዚያች ቀን ድረስ አላውቅም ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ድልድዩን ተሻግሬ ዓባይ ማዶ፣ የእድራቸው ዳኛ ወደሆኑት ወደ አቶ ክንዱ ሄድኩ። አቶ ክንዱ ደብዳቤውን አንብበው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ትንሽ አለቀሱ፤ ከዚያ እንደ ዳኛ ማሰብ ጀመሩ።

«አሁን አይነገርም» አሉ። «ባንቺአየሁ ገና ትናንት አንገቷን ተቀድዳለች። ጮኻ ስፌቱን ብትበጥሰው ሁለት ሐዘን ልንቀመጥ ነው?»

«ለጋሽ አለበልስ ብንነግራቸው?»

«እሱ ሰምቶ ፊቱን ይዞ እንዴት ሆስፒታል ይገባል? ገና በሩ ላይ ስታየው ታውቅበታለች። ደግሞም ወንድሟ አያ ደሞዝ ከደልጊ በጀልባ ይምጣ። ሥጋ ዘመድ አጠገቧ ሳይኖር መርዶ ማርዳት ነውር ነው። እስቲ ቁስሏ ይጠግግ።»

እሺ አልኩ። ትክክል መሰለኝ፤ ሁላችንም ያደግንበት ወግ ነው። ዛሬም ልቤ የደከመ ቀን ትክክል ይመስለኛል።

የእትዬ ባንቺአየሁ ቁስል ግን አመረቀዘና አንድ ሳምንት የተባለው ሦስት ሆነ። የአያ ደሞዝም ጀልባ ሞተሯ ተበላሽቶ ደልጊ ቆማ ነበር። እኛ አውሮፕላን ማረፊያ ያለነው ሁሉ፣ ከዘበኛው እስከ እሳት አደጋው፣ አውቀን ዝም አልን። ሳቅ ጠፋ። «ምን ሆናችሁ እናንተ? ሁዳዴ ከበዳችሁ?» ይሉናል ጋሽ አለበል፤ እኛ ወደ መሬት እናያለን።

እሳቸው ግን ስንቁን አላቋረጡም። መሞቷን ያልሰሙት አባት፣ ደብዳቤው በደረሰን ማክሰኞ ጠዋት አንድ ልከው ነበር፤ አራት ከሩብ። ባለቤታቸው ተኝተዋልና በሶውን ራሳቸው ቆሉት። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሲያመጡ እጃቸው ተቃጥሎ ነበር። «እሌኒ፣ ገብስ ሲቆላ ስንት ደቂቃ ነው የሚፈጀው? እኔ የማውቀው የአውሮፕላኑን ብቻ ነው» ብለው ሳቁ። ሦስት ተኩል። በሦስተኛው ማክሰኞ ከዘጌ ሰው ያመጣላቸውን ማር በጠርሙስ አድርገው ከዳቦ ቆሎው ጋራ ሰፉት። አምስት ኪሎ፣ ልክ አምስት። ካፒቴኑ የኋለኞቹን ሁለቱን ከእጃቸው ሲቀበል ዓይናቸውን አላየም። በየጊዜው እኔ መንገደኛ የጎደለበትን ወንበር ቆጥሬ እዘጋለሁ፤ ደብዳቤው ከደረሰን ወዲህ በዋሉት በሦስቱም ማክሰኞ ወደ ግራርጌ ባዶ ወንበር ነበር። ያን ጊዜ ይህን አላሰብኩትም።

መጋቢት ዘጠኝ እትዬ ባንቺአየሁ ከሆስፒታል ወጡ። ሐኪሙ ድምፃቸውን ከፍ እንዳያደርጉ፣ እንዳያለቅሱ፣ ስፌቱ ቅዳሜ እስኪወጣ እንዲጠነቀቁ አዘዛቸው። ቤቱ በጠያቂ ተጨናንቆ ስለነበር ጋሽ አለበል ማግስቱን ማክሰኞ ስንቅ ሳይዙ መጡ። «ዛሬስ ልጄን አስራብኋት» አሉኝ።

ቀትር ላይ ዳኮታ ተመለሰች። ከግራርጌ የመጣ ዕቃ ጥቂት ነበር፤ ባዶ ጆንያዎች፣ የወታደር ፖስታ፣ አንድ የታሰረ የቆርቆሮ ሳጥንና ሦስት በካኪ ጨርቅ የተሰፉ እሽጎች። አድራሻቸው «ለአቶ ክንዱ፣ ዓባይ ማዶ» ይላል። አቶ አምሐ አስቦበት ነው፤ አባቷ እንዳያውቁት ብሎ አቡጀዴውን በካኪ ደርቦ ሰፍቶታል፤ ቀዩንም ጽሕፈት ሸፍኖታል። ያላሰበው አንድ ነገር ነው። የሚመጣ ዕቃም እኛ ዘንድ ይመዘናል።

ጋሽ አለበል የመጀመሪያውን እሽግ እንደ ልማዳቸው ብድግ አደረጉ። «አራት ከሩብ» አሉ፤ አኖሩት። አራት ከሩብ። ሁለተኛውን አነሡ። «ሦስት ተኩል።» መርፌዋ ሦስት ተኩል ላይ ቆመች። ሦስተኛውን አነሡና ሚዛን ላይ አላኖሩትም። በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። በአውራ ጣታቸው ጥጉን ዳሰሱ፤ ጠርሙሱ ከነቡሹ እዚያው ነበር።

እኔ ከመስኮቴ ኋላ ቆሜ ነበር። ሮጬ ልነጥቃቸው አስቤ የመስኮቱን ጠርዝ ይዤ ቀረሁ። ሚዛኑን አላዩም፤ እኔን ነበር የሚያዩት።

«እሌኒ» አሉኝ። «ልጄ አልቀመሰችውም።»

እሽጉን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

«አንዱንም አልከፈተችውም። በሶውንም፣ ማሩንም አልከፈተችውም።»

ያኔ ወጥቼ አጠገባቸው ስደርስ አለቀስኩ፤ ሌላ መናገርም አላስፈለገኝም። እሽጉን ቀስ ብለው መሬት ላይ አኖሩትና ሚዛኑ ላይ ቁጭ አሉ። መርፌዋ ስትሄድ አየኋት፤ ሃምሳ ስምንት። አብሬያቸው በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ሚዛኑ ላይ ሲወጡ ያን ጊዜ ነው ያየኋቸው።

«መቼ ነው?»

«የካቲት አሥራ ሰባት። በተስቦ። አቶ ክንዱ ናቸው እንዲቆይ ያሉት፤ እኔም ደብዳቤውን ከአሥራ ዘጠኝ ጀምሮ ይዣለሁ።» ራሴን ማዳን አልፈለግኩም፤ ግን የአቶ ክንዱን ስም አስቀድሜ መጥራቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። የካቲት ሃያ ስድስት፣ መጋቢት ሦስት፣ መጋቢት አሥር። «ሦስት ማክሰኞ በረራ አልፎናል» አሉ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ባንቺአየሁስ ሰምታለች?»

«አልሰሙም።»

«እንግዲህ እስከ ቅዳሜ አትስማ። ስፌቷ ይውጣ።» ተነሡ፤ እሽጎቹን ከጠረጴዛቸው ሥር አስገቡ፤ የልጃቸውን የቆርቆሮ ሳጥንም በላዩ። «በሚቀጥለው ማክሰኞ ሁለታችንንም ትጭኚናለሽ። ለአርባዋ እንደርሳለን። ያችን ትኬት አውጪያት።»

አንድ ሰው ፊቱን ምን ያህል መያዝ እንደሚችል ያየሁት በዚያ ሳምንት ነው። አቶ ክንዱ «ፊቱን ይዞ እንዴት ሆስፒታል ይገባል» ያሉት ሰው! ሐሙስ ዕለት እትዬ ባንቺአየሁን ልጠይቅ ብሄድ፣ አንገታቸው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ አለበል ምድጃው አጠገብ ገብስ ይቆላሉ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ የእትዬ ባንቺአየሁ ድምፅ አልተመለሰም፤ የሚወጣቸው ሹክሹክታ ብቻ ነው።

«አየሽው እሌኒ? ያሳርርብኛል» አሉኝ በዚያ ድምፅ። «አማስለው እንጂ አለበል! ልጄ ጥርሷን ልትሰብር ነው?»

«ባለሙያ ነኝ፤ ዝም በይ፤ ሐኪሙ አትናገሪ ብሎሻል» አሏቸው እየሳቁ። አማሰሉት። ወዲያው ጭሱ ዓይናቸውን እንዳቃጠላቸው ነገር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ብዙ ሳልቀመጥ ወጣሁ፤ ድልድዩ ላይ ቆሜ ዓባይን ሳይ ቆየሁ። ያን ያህል የጠላሁት ወግ የለም።

ቅዳሜ ስፌቱ ወጣ። አያ ደሞዝም በሰው ታንኳና በእግር ብለው ደረሱ። እሑድ ጎሕ ሲቀድ አቶ ክንዱ ሽማግሌዎቹን ይዘው በሩን አንኳኩ፤ እኔም ከሴቶቹ ጋራ ነበርኩ። እትዬ ባንቺአየሁ የሰው ብዛት እንዳዩ ገባቸው። አፋቸውን ከፈቱ። ሁላችንም ጩኸቱን ጠበቅን፤ ግን አልወጣም። ደረታቸውን እየመቱ፣ አፋቸው እንደተከፈተ፣ ሹክሹክታ ብቻ ነበር የሚሰማው። ጎረቤቱ ሁሉ ሲጮህ እናቲቱ ድምፅ የላቸውም። ጋሽ አለበል ያን ጊዜ የአምስት ቀን ልቅሷቸውን በአንድነት ሲያለቅሱ አያ ደሞዝ ይዘዋቸው አልቻሏቸውም።

መቼ እንደሞተች ሲነገራቸው እትዬ ባንቺአየሁ እንደ ባላቸው በጣታቸው ቆጠሩ። ማክሰኞ እንሄዳለን ሲባል ብቻ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው «ሳልስቷ ሳይወጣ ለቀስተኛ ጥላ ወዴት ትሄዳለች?» ብሎ አጉረመረመ። «የልቅሶዋ ቤት እዚያ ነው» አሉ አያ ደሞዝ።

መጋቢት አሥራ ሰባት፣ ማክሰኞ፣ ከሁለት ሰዓት በፊት ደረሱ። እትዬ ባንቺአየሁ ጥቁር ለብሰዋል። ጋሽ አለበል የይለፍ ወረቀታቸውን ከቀበሌ አውጥተው፣ ጸጉራቸውን ተላጭተው፣ በሌላ ሰው ፊት እንደቆሙ ሁሉ መስኮቴ ፊት ተሰልፈው ትኬታቸውን ተቀበሉኝ። ከዚያ ሚስታቸውን በክንዳቸው ደግፈው ሚዛኑ ላይ አወጧቸው። «አርባ ሦስት» አሉ በቀስታ። ከእንቅርቱ ጋራ ሃምሳ አንድ እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን፤ የወጣው ግን እንቅርቱ ብቻ አልነበረም። ራሳቸውን መዘኑ። ከጠረጴዛቸው ሥር ሦስቱን እሽጎች አወጡ፤ መቃብሯ ላይ ለነዳያን በስሟ ሊሰጡ ነው። በእጃቸው አላመዛዘኗቸውም። ሦስቱንም በአንድ ላይ አኖሩና መርፌዋን ያነበብኩት እኔ ነበርኩ፤ አሥራ ሁለት ከሦስት ሩብ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የሬዲዮ ክፍሉ በር ተከፈተ። ሰውየው ወደ እኔ እንጂ ወደ እሳቸው አልመጣም፤ እንደ ልማዳችን። ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ መስመር ነው፦ የግራርጌ ሜዳ ከዛሬ ጀምሮ ተዘግቷል፤ በአካባቢው ውጊያ ስላለ እስከ ሌላ ትእዛዝ ድረስ አይበረርም።

ያን ወረቀት አጥፌ ትኬት መጽሐፉ ውስጥ አላኖርኩትም። ይዤው በቀጥታ ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ። «ጋሼ፣ እትዬ፣ ሜዳው ተዘግቷል። ዛሬ አይበረርም። መቼ እንደሚከፈትም አይታወቅም» አልኳቸው። በደርግ ዘመን ተመልሶ አልተከፈተም፤ ይህን ግን ያን ዕለት ማንም አያውቅም።

ጋሽ አለበል ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት። እትዬ ባንቺአየሁ ወደ እኔ ቀና አሉ። ለመስማት ጎንበስ ማለት ነበረብኝ።

«ባለፈው ማክሰኞ አውሮፕላኑ ሄዷል?»

«ሄዷል።»

«የዚያን በፊቱስ?»

«ሄዷል እትዬ። ሦስቱም ሄደዋል።»

እጃቸውን አንገታቸው ላይ ወዳለው ጠባሳ ወሰዱ። «ጉሮሮዬን አዳናችሁልኝ» አሉኝ። «ልጄን ካላለቀስሁበት ምን ያደርግልኛል?»

ከዚያ ወዲህ የማንንም መርዶ ደብቄ አላውቅም፤ በዚህ ምክንያት ክፉ አፍ ያላት የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ።

ወደ ቤት እንዲሄዱ መኪና ልለምንላቸው አልኩ፤ እምቢ አሉ። ከሰሌዳው ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እሽጎቹ በእግራቸው መሐል ናቸው። ሦስት ሰዓት ሆነ። ዳኮታዋ ሜዳው ላይ አፍንጫዋን ቀስራ ቆማለች፤ ከሐይቁ የመጡ ወፎች ክንፏ ላይ ሰፍረዋል። ማንም አላናገራቸውም። ጋሽ አለበል ዓይናቸውን ከግድግዳው ሰዓት ላይ አላነሡም፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ረጅሙ ዘንግ ዞሮ ዞሮ ሰባት ቁጥር ላይ ሲደርስ የሚስታቸውን እጅ ያዙ።

«ይኸኔ ደርሰን ነበር» አሏቸው።